ይድረስ ለክቡር «ልዩ ልዩ»

ጉዳዩ፦ ከአጀንዳ መጨረሻ ወደ አጀንዳ መጀመሪያ ዝውውርን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? የእኛን አይጠይቁን። እሱ የሚነሳው እርስዎ ሲመጡ ብቻ ነው።

በግል ትምህርት ቤታችን መሠረታዊ የሠራተኛ ማኅበር ስብሰባ ላይ እርስዎ ሁልጊዜ መጨረሻ ኖት። መጀመሪያ ያለፈው ቃለ ጉባኤ ይነበባል። ቀጥሎ የጋውን ጉዳይ። ነጭ ይሁን ሰማያዊ፣ ኪሱ ስንት ይሁን፣ ማን ይጠበው፤ አቤት ሲወራ! (እኔ በበኩሌ ነጭ ይሁን ባይ ነኝ። እስካሁን ከሐኪም ጋር የሚያመሳስለን እሱ ብቻ ነው።) ከዚያ ማርክ ሊስት። እርስዎ ጋ ስንደርስ ዓርብ መሽቷል። አንዱ «የሕክምና ጥቅማ ጥቅም…» ብሎ ሳይጨርስ ሰርቪሱ ጥሩምባውን ይነፋል። ግማሹ ሰው ቦርሳውን አንጠልጥሎ ውልቅ። ጸሐፊዋም «በቀጣይ ስብሰባ በልዩ ልዩ ይታያል» ብላ ትጽፋለች።

አሠሪያችንም እጅግ ይወዱዎታል። ለኅብረት ስምምነት ድርድር በተቀመጥን ቁጥር ሕክምናን ወደ እርስዎ ይመሩታል። «ሕጉ አያስገድደንም» ይላሉ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ለታመመ ሠራተኛ የመጀመሪያውን ወር ሙሉ ደሞዝ፣ ቀጣዮቹን ሁለት ወራት ግማሽ ይሰጣል። ከዚያ ያሉት ሦስት ወራት ያለ ክፍያ ናቸው። ከሥራ ጋር ያልተያያዘ ሕመም ሲመጣ የሐኪም ቤቱን ሒሳብ ማን ይክፈል የሚለው ግን በድርድር የሚገኝ ነገር ነው።

የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅም ነበረን፤ ቁጥር 690/2002። ከደሞዝ 3 በመቶ ከሠራተኛው፣ 3 በመቶ ከአሠሪው ተባለ። ሊጀመር ነው ሲባል፣ ሲራዘም፣ ያኔ የተወለዱት ልጆች አድገው እኔ ክፍል ይረብሻሉ።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን እርስዎን ስንጠብቅ እርስ በርስ መባላታችን ነው። ወጣቱ የሒሳብ መምህር «እኔ አልታመምም፣ ብሩን በእጄ ስጡኝ» ይላል። ሦስት ልጆች ያሏት የአማርኛ መምህርት «ቤተሰብ ካልተካተተ ሞቼ ነው የምፈርመው» ትላለች። ጡረታ የደረሱት ጋሼ የስኳር መድኃኒታቸውን በየወሩ ከኪሳቸው እየገዙ ሁለቱንም ዝም ብለው ያያሉ። አሁን ሻይ እንኳን አብረን አንጠጣም። የማኅበራችን ሊቀመንበር በዳይሬክተሩ መኪና ውስጥ ታየ ተብሎ ሳምንቱን ሙሉ ሲታማ ከረመ። ተሽጧል አሉ። ዝናብ ነበር እኮ ጎበዝ! እኛ እርስ በርስ ስንደራደር አሠሪው ቁጭ ብለው በነፃ ያዩናል።

እስከዚያው ያለን የመጀመሪያ ዕርዳታ ሳጥኑ ነው። ፋሻና ፓራሲታሞል አለው። እሱንም «ለተማሪ ነው» ብለው ቆልፈውታል።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ በሚቀጥለው ዓርብ ሕክምናን ይዘው ቁጥር 1 ላይ ይምጡልን። ቦታዎ ባዶ እንዳይሆን ጋውኑን እንተካበታለን።

ከሰላምታ ጋር
ጉሮሮው የተዘጋ መምህር

ግልባጭ፦
ለሰርቪሱ ሾፌር፤ ጋውኑ ላይ ስንደርስ ጥሩምባውን እንዳይረሱ።