ያረጀው መጽሐፉ ነው ወይስ ሰበቡ?

ባለፈው ሳምንት በምሠራበት ቦታ አንድ ሰዓት ተሰረዘብን። በወር አንዴ ተሰብስበን ስለ ሶፍትዌር የተጻፉ መጻሕፍት የምናነብበት፣ የቆዩ ንግግሮችን የምናይበት ሰዓት ነበር። አለቆቻችን ሁለት ምክንያት ሰጡን። አንዱ፣ አሁን ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) ኮድ ይጽፍልናል፣ ሰዓቱ ለሥራ ይዋል የሚል ነው። ሁለተኛው ነው ያናደደኝ። በዚህ ሙያ መጽሐፍ ገና ሳይነበብ ያረጃል ተባለ።

ምኑ ነው የሚያረጀው? የአንድ ላይብረሪ፣ ማለትም ሌሎች ጽፈውት እኛ ፕሮግራማችን ውስጥ የምንጠቀምበት ኮድ፣ መመሪያ ያረጃል፣ እሺ። እኛ መቼ እሱን አነበብን? ፍሬድ ብሩክስ እ.ኤ.አ. በ1975 የዘገየ ፕሮጀክት ላይ ሰው መጨመር ይብስ ያዘገየዋል ብሎ ጻፈ። አይቢኤም ውስጥ ትልቅ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ሲያሠራ ሥራው ዘግይቶበት፣ ከራሱ ስህተት የተማረውን ነው የነገረን። ዛሬስ ሥራ ሲዘገይ ሰው አይደለም እንዴ የሚጨመረው? አዲሱን የሚያለማምደው ያው ጊዜ ያጠረው ነባሩ ሰው ነው። ይህን የሻረ አዲስ የፕሮግራም ቋንቋ ካለ ይንገሩኝ።

እኔን ግን ከሁሉም በላይ የለወጠኝ ናንሲ ሌቭሰንና ክላርክ ተርነር የተባሉ ተመራማሪዎች በ1993 ስለ ቴራክ-25 የጻፉት ምርመራ ነው። ቴራክ-25 የካንሰር ሕሙማንን በጨረር የሚያክም ማሽን ነበር። ከ1985 እስከ 1987 ባለው ጊዜ ስድስት ሰዎች ላይ ከመጠን እጅግ ያለፈ ጨረር ለቀቀ፤ የሞቱም አሉ። ከእሱ በፊት የነበረው ሞዴል ከሶፍትዌሩ ውጪ የሆነ፣ አደጋ ሲመጣ ጨረሩን የሚያግድ መከላከያ ነበረው። አዲሱ ላይ ያንን አነሱትና ሁሉን ነገር ለኮዱ ተዉለት። ማሽኑን የምታንቀሳቅሰው ባለሙያ የጻፈችውን ቶሎ ብላ ስታርም ስክሪኑ የታረመውን ያሳያታል፣ ማሽኑ ውስጥ ግን አሮጌው ነገር ይቀራል። ከዚያ «ማልፈንክሽን 54» የሚል መልእክት ይመጣል። ምን ማለት እንደሆነ መመሪያው እንኳ አያብራራም። አንድ ቁልፍ ተጭና ትቀጥላለች። አምራቹ ሲጠየቅ ይህ ማሽን ከመጠን በላይ ጨረር ሊሰጥ አይችልም አለ። ስህተቱን ያወጡት የሆስፒታሉ የፊዚክስ ሰውና ያቺው ማሽኑን የምታንቀሳቅሰው ባለሙያ ናቸው፣ በፍጥነት እየተየቡ ደጋግመው ሞክረው። ሌላ ስህተትም ነበር፤ አንዲት ባለ አንድ ባይት ቁጥር፣ ከ255 በላይ መያዝ ስለማትችል፣ በየ256ኛው ዙር ዜሮ ትሆንና የደህንነት ፍተሻው ይዘለላል።

ይህን ካነበብኩ በኋላ ፕሮግራሙ ሌላ ሰው ጋ ሲበላሽ «እኔ ጋ ይሠራል» የሚለውን ነገር ተውኩት። ደንበኛ ሲያማርር «ሊሆን አይችልም» አልልም። የስህተት መልእክት ስጽፍ ማሽኑ ፊት የቆመችው ያቺ ሴት ትታየኛለች። ይህን ያስተማረኝ ኮርስ የለም፣ ኤአይም ካልጠየቅኩት አይነግረኝም። ምን ብዬ እንደምጠይቀው የማውቀውም ስላነበብኩ ነው። ደግሞስ ኮዱን እመኑና የሰውን ዓይን አንሱ ማለት፣ ያን መከላከያ ከማንሳት በምን ይለያል?

የምናያቸው የቆዩ ንግግሮችም እንደዚያው ናቸው። ክሎጁር የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ የፈጠረው ሪች ሂኪ በ2011 ባደረገው ንግግር፣ ያልተጠላለፈ ነገርና ለእጃችን የቀረበ ነገር አንድ እንዳልሆኑ ያስረዳል። በአማርኛ ሁለቱንም «ቀላል» ነው የምንላቸው፣ ለዚህም ይመስለኛል ስብሰባ ላይ «ቀላሉን እንምረጥ» ተባብለን ተስማምተን ወጥተን፣ ከወራት በኋላ ማንም ሊፈታው የማይችል ቋጠሮ ይዘን የምንገኘው።

የሚቀጥለው ንባባችን ዩኒክስ የተባለውን ኦፐሬቲንግ ሲስተም ከፈጠሩት አንዱ የሆነው የኬን ቶምፕሰን የ1984 ጽሑፍ ነበር። የጻፍነውን ኮድ ማሽኑ ወደሚገባው ቋንቋ የሚተረጉመው ፕሮግራም፣ ኮምፓይለር፣ ውስጥ ተንኮል ሊደበቅ እንደሚችል፣ የፕሮግራሙን ኮድ ከዳር እስከ ዳር ብታነብ እንኳ እንደማታየው ያሳያል። ማሽን የጻፈልንን ዝም ብለን እንድንቀበል በተነገረን ሳምንት የተሰረዘብን ይሄ ነው። እኔ ግን ከሥራ ሰዓት ውጪ አነበዋለሁ፣ አምስት ባልደረቦቼም እንመጣለን ብለዋል። አለቆቻችንም ቢመጡ ወንበር አለ።