ከሴሬና በፊት አን ዋይት ነበረች
ስለ ሴት ቴኒስ ተጫዋቾች አለባበስ ያነበብኩት ጽሑፍ ሙሉ ሰውነት የሚሸፍን ጥብቅ ልብስ ለብሳ ቴኒስ ሜዳ የገባች የመጀመሪያዋ ሴት አሜሪካዊቷ ሴሬና ዊሊያምስ እንደሆነች አድርጎ ማቅረቡ ልክ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1985 አሜሪካዊቷ አን ዋይት በለንደኑ የቴኒስ ውድድር ዊምብልደን ላይ ከአንገት እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ነጭ ጥብቅ ልብስ ለብሳ ከፓም ሽራይቨር ጋር ተጫውታለች። በሴት (የጨዋታው ክፍል) አንድ ለአንድ ሆነው ስለመሸ ጨዋታው ለማግስቱ ተላለፈ፤ ያንን ልብስ ግን እንዳትደግመው ተነገራት። ተጫዋቾች ነጭ እንዲለብሱ የሚያስገድደውን የዊምብልደን ደንብ እኮ አልጣሰችም! የሴሬና የ2018ቱ ጥቁር ልብስ ደግሞ ከወሊድ በኋላ ካስቸገራት የደም መርጋት ጋር የተያያዘ ነበር፤ ጽሑፉ ይህን መዝለል አልነበረበትም። ከጽሑፉ ሥር በሰጠኸው አስተያየት «ነጭ መልበስ ባህል ነው፣ ምን ያስጮኻል?» ላልከው ወንድሜ፦ የወር አበባ ላይ ሆና በነጭ የምትሮጥ ልጅ ጭንቀቷ ኳሱ ብቻ አይደለም፤ እኔም ስለምጫወት አውቀዋለሁ። ዊምብልደን ጠቆር ያለ የውስጥ ቁምጣ የፈቀደው ገና በ2023 ነው።