ቁልፉ ማን ጋር ነው?

እኔ በምኖርበት የካናዳ ግዛት፣ በኦንታሪዮ፣ በአንዲት ተማሪ ስም የሚጠራ ሕግ አለ። የሳብሪና ሕግ ይባላል። ሳብሪና ሻነን የ13 ዓመት ልጅ ነበረች። የወተት ተዋጽኦን ጨምሮ ለተለያዩ ምግቦች ከባድ አለርጂ ነበረባት። እ.ኤ.አ. በ2003 ከትምህርት ቤቷ ካፍቴሪያ ድንች ጥብስ ገዝታ በላች። ድንቹ ራሱ ችግር አልነበረበትም፤ አይብ የነካ መቆንጠጫ ሳይነካው እንዳልቀረ ነው የሚታመነው። ክፍል ገብታ መተንፈስ ሲያቅታት መጀመሪያ አስም መስሏት ነበር። መድኃኒቷ፣ ለእንዲህ ያለ አደጋ የሚወጋው የአድሬናሊን መርፌ፣ ሎከሯ ውስጥ ነበር። ሰው ሮጦ እስኪያመጣው ድረስ ወደቀች፤ አልተረፈችም።

ሕጉ ከ2006 መጀመሪያ አንስቶ በሥራ ላይ ነው። ከባድ አለርጂ ላለበት ተማሪ ሁሉ ለየራሱ የተጻፈ ዕቅድ እንዲኖር፣ ሠራተኞችም በየጊዜው እንዲሠለጥኑ ያስገድዳል። እኔ ከሁሉም የወደድኩት ግን አንድ አንቀጽ አለ። ተማሪው በአለርጂ አደጋ ላይ ነው ብሎ ያመነ የትምህርት ቤት ሠራተኛ፣ ቀድሞ ፈቃድ ባይሰጠውም መርፌውን መውጋት ይችላል። በቅን ልቦና ላደረገውም ካሳ አይጠየቅም። በእንዲህ ያለ ሰዓት ሰውን የሚያስረው «ብሳሳትስ?» የሚል ፍርሃት ነው። ሕጉ እጁን ፈታለት።

ሥልጠናውን አንድ ጊዜ በዓይኔ አይቻለሁ። የእህቴ ልጅ የኦቾሎኒ አለርጂ ስላለበት ከእሷ ጋር ትምህርት ቤቱ ሄጄ ነበር። ጠረጴዛው ላይ መርፌ የሌላቸው መለማመጃ ኢፒፔኖች ተደርድረዋል፤ ኢፒፔን ማለት ጭን ላይ ሲጫኑት ራሱ አድሬናሊኑን የሚወጋ እስክሪብቶ መሳይ መሣሪያ ነው። ሰማያዊውን ክዳን ይነቅላሉ፣ ብርቱካንማውን ጫፍ የጭናቸው ጎን ላይ «ጠቅ» እስኪል ይጫኑታል፣ ሦስት ይቆጥራሉ። ልብስ ማውለቅ አያስፈልግም፤ በሱሪ ላይ ይወጋል። የጽዳት ሠራተኛዋም የአውቶቡስ ሹፌሩም ተራቸውን ጠብቀው ሞከሩ። ልጁ የራሱን መርፌ ወገቡ ላይ በታሰረች ትንሽ ቦርሳ ይዞ ይውላል። መጠባበቂያው ቢሮ ውስጥ ነው፣ ሳይቆለፍ።

ይሄ «ሳይቆለፍ» የሚለው ነገር ቀላል አይደለም። መድኃኒት ሲባል ቆልፎ ማስቀመጥ ይቀናናል። ቁልፉ ርዕሰ መምህሩ ኪስ ውስጥ ሆኖ እሱ ስብሰባ ከሄደ፣ መድኃኒቱ የለም ማለት ነው።

እዚህም ቢሆን ሁሉም ነገር ልክ ነው አልልም። ብዙ ትምህርት ቤት በሩ ላይ «ኦቾሎኒ ክልክል ነው» ብሎ ይለጥፋል። ወላጆችም በዚያ እፎይ ይላሉ። በ2021 የወጣ የባለሙያዎች መመሪያ ግን ትምህርት ቤቶች ምግብን በጅምላ ከመከልከል ይልቅ ሥልጠናው፣ የተጻፈው ዕቅድና መጠባበቂያው መድኃኒት ላይ እንዲያተኩሩ ነው የመከረው። እኔም በዚህ እስማማለሁ። የወተት፣ የእንቁላል፣ የሰሊጥ አለርጂ ያለባቸው ልጆችም አሉ። ሁሉን ከልክሎ የት ይደረሳል? ከዚያ ይልቅ ከምግብ በኋላ እጅን በሳሙና መታጠብ ብዙ ይረዳል። በሳሙና ነው ያልኩት፤ ሳኒታይዘር ጀርም ይገድላል እንጂ የኦቾሎኒውን ቅሪት ከእጅ አያስለቅቅም።

ልጁን ለብቻው ጥግ አስቀምጦ ማብላት ደግሞ ጭራሽ አይዋጥልኝም። አለርጂ ያለባቸው ልጆች በጓደኞቻቸው መሾፊያ የሚሆኑት እንዲህ ነጥለን ስናሳያቸው ነው። ከጓደኞቹ ጋር ይቀመጥ። ጠረጴዛው ይጽዳ፣ ምግብ መለዋወጥ ይቅር፣ በቃ።

ሀገር ቤት ላሉ መምህራን ወዳጆቼ ይህን ሳወራ የማገኘው መልስ «እሱ የፈረንጅ በሽታ ነው» የሚል ነው። «ቅብጠት ነው» ያለኝም አለ። ያሳዝነኛል። የሰውነት መከላከያ ምግቡን እንደ ጠላት ቆጥሮ ሲነሳበት፣ ጉሮሮ ሲያብጥና የደም ግፊት ሲወርድ፣ ዜግነት አይጠይቅም። ደግሞ «እኛ ጋ እንዲህ ያለ ተማሪ የለም» ማለት አያስተማምንም። አሜሪካ ውስጥ በትምህርት ቤት ይህ መርፌ ከተሰጣቸው ተማሪዎች ከአራቱ አንዱ ያህል አለርጂ እንዳለበት ቀድሞ የማይታወቅ ነበር።

እርግጥ ነው፣ ራሱ የሚወጋው ኢፒፔን በብዙ አገር እንደልብ አይገኝም። በትንሽ የመስታወት ብልቃጥ (አምፑል) የሚመጣው ተራ አድሬናሊን ግን በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ያለ ነው። ነርስ ያለው ትምህርት ቤት ሊያስቀምጠው ይችላል። ነርስ የሌለው በአቅራቢያው ካለ ጤና ጣቢያ ጋር ቀድሞ ይነጋገር፦ ለማን ይደወላል? ልጁን በምን እናደርሰዋለን? መመዝገቢያው ፎርም ላይ «የማይስማማው ምግብ አለ?» የሚል አንድ መስመር መጨመርስ ምን ያስወጣል?

መምህራኑ ደግሞ ጥቂት ነገር ይወቁ። ልጁ ከበላ በኋላ ሰውነቱ ሽፍ ካለ፣ ከንፈሩ ካበጠ፣ ድምፁ ከተዘጋ ወይም ትንፋሽ ካጠረው «ውሃ ጠጣ፣ ይለፍልሃል» አይባልም። የማሳከክ ማስታገሻ ክኒን አድሬናሊኑን አይተካም። ልጁ ይጋደም፣ እግሩ ከፍ ይበል፤ መተንፈስ ካስቸገረው ይቀመጥ እንጂ አይቁም፣ አይራመድ። መርፌው ካለ ወዲያው ይወጋ፣ ወዲያው አምቡላንስ ይጠራ። ለወላጅ የሚደወለው ከዚያ በኋላ ነው።