የደላላ ቅኔ

ጎጃም የቅኔ አገር መሆኑን ልጅ ሆኜ ነው የሰማሁት። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ፣ ደብረ ኤልያስ እያሉ ሲቆጥሩልኝ ቅኔ የሚዘረፈው እዚያ ብቻ ይመስለኝ ነበር። አምና ከባሕር ዳር ወደ ደብረ ማርቆስ ተዛውሬ ቤት ፍለጋ ስወጣ ግን ሌላ መምህር አገኘሁ። ወንበሩን የዘረጋው አንዲት ጀበና ቡና ጥግ ላይ ነው። ደቀ መዝሙር የለውም፣ ሁለት ስልክ ግን አለው።

ከባሕር ዳር ማርቆስ 265 ኪሎ ሜትር ነው። ዳንግላን፣ እንጅባራን፣ ቡሬን፣ ፍኖተ ሰላምን፣ ደምበጫን አልፌ፣ ጣና ዳር በለበስኳት ስስ ሸሚዝ ማርቆስ ወረድኩ። ወሩ ሐምሌ ነው። ከተማው ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተቀመጠ ነው። የቀረውን ጥርሴ ይናገር።

ያረፍኩት የአክስቴ ልጅ ቤት ነው። እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው መዳብ ይባላል። እኔ ሰባተኛ ቀኔን ስይዝ ቆርቆሮ ሆኛለሁ። የቤቱ ልጆች «መቼ ነው የሚሄደው?» ሲሉ እናታቸው በቁጣ ዝም ታሰኛቸዋለች፤ ግን መልሱን እሷም ለመስማት የጓጓች ይመስለኛል።

መጀመሪያ ላይ ለደላላ አልከፍልም ብዬ በኩራት አራት ቀን በእግሬ ዞርኩ። በር አንኳኳለሁ።

«ማን አመጣህ?» ይሉኛል።

«ማንም፤ ራሴ ነኝ የመጣሁት።»

«ሂድና ሰው ይዘህ ና።»

ነገሩ ኋላ ነው የገባኝ። ሰው ያላመጣውን ሰው ቤቱ የሚያስገባ የለም። ደላላውም ቢሆን ከየት እንደመጣሁ አያውቅም፤ ነገር ግን «እኔ አውቀዋለሁ» የሚል አፍ አለው። ገንዘብ የሚከፈለውም ለዚች ለአፉ ነው።

በአምስተኛው ቀን ለደላላው እጄን ሰጠሁ።

«ወንድሜ፣ ቤቱን ስታየው ታመሰግነኛለህ» አለኝ። «ሰፊ ሁለት ክፍል፣ ውሃ ያለው፣ ለማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ቅርብ፣ ጸጥ ያለ ግቢ። አከራይዋም እንደ እናት ናቸው።»

ሰሙ ይኸ ነው። ወርቁን ፍለጋ በባጃጅ ሦስት ጊዜ ተመላለስን፣ ሒሳቡ በእኔ። «ለቤተ ክርስቲያን ቅርብ» ማለት ሌሊት፣ ነፋሱ ወደኛ ከነፈሰ፣ ደወሉ ይሰማል ማለት ነው። «ውሃ ያለው» ማለት ቧንቧ ያለው ማለት ነው። ሮቶ የለም፤ ውሃው ሲመጣ ጀሪካን ይዞ መሮጥ ነው። «ጸጥ ያለ ግቢ» የተባለው ደግሞ ውሻው ቀን ቀን ስለሚተኛ ነው።

«ሁለት ክፍል» ያላትን ግን ለብቻዋ ላንሳት። ገብቼ ሳይ አንድ ክፍል ነው። መሐል ላይ ገመድ ተወጥሮ አበባ ያለበት መጋረጃ ተሰቅሏል።

«ይኸ እኮ አንድ ክፍል ነው» አልኩት።

ምንም አልደነገጠም። ሄዶ መጋረጃውን ግጥም አድርጎ ዘጋና «አሁንስ?» አለኝ።

ከቅኔ ሁሉ አጭሩ ጉባኤ ቃና ነው፣ ሁለት ቤት፣ ማለትም ሁለት ስንኝ፣ ብቻ ነው ያለው። የቆሎ ተማሪ እሷን ለመሙላት ስንት ሌሊት ዳዊቱን ተንተርሶ ያድራል፣ ስንት የመንደር ውሻ ያሳድደዋል። ይኸ ሰውዬ አንዷን ቤት በአንድ መጋረጃ ሁለት ቤት አድርጎ ዓይኔ እያየ ጉባኤ ቃና ሞላ። ንግግሩ ሁሉ ቤት ይመታል፤ ቤቱ ነው የጎደለው።

ኪራዩ በወር 4,000 ብር፣ የሦስት ወር ቅድሚያ። እዚህ ላይ እኔም አዋቂ ነኝና «በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር አይብለጥ ይላል» አልኩ። ውል ከሁለት ዓመት አያንስም ማለቱንም ጨመርኩለት።

በሐዘኔታ አየኝ። «ወንድሜ፣ እሱ አዋጅ አባይን ገና አልተሻገረም።»

ለነገሩ አዋጁ አዲስ አበባንና ድሬዳዋን በስም ጠርቶ የክልል ከተሞችን ጉዳይ ለክልሎቹ ውሳኔ ትቶታል። ደላላው ይህን አንብቦት እንደሆነ እንጃ፤ ብቻ ከጎሓ ጽዮን ወዲህ ያለውን ሕግ ከእኔ ይልቅ እሱ ያውቀዋል።

ጥቂት ላስብበት ስል ስልኩ ጮኸ። «አዎ አዎ፣ ቤቱ አለ፤ ቀብዱን ይዘህ ቶሎ ና!» ብሎ ዘጋና በትካዜ ራሱን ነቀነቀ። የደወለውን አላየሁትም። ሁለተኛው ስልክ ግን ኪሱ ውስጥ ነበር፤ ሌላኛው እጁም እዚያው ኪስ ውስጥ ነበር። አውቄው እንኳ ደነገጥኩ። 12,000 ብር ቆጠርኩ። ለሱ ደግሞ ከዚያው ላይ ከመቶ 10፣ ማለትም 1,200 ብር። ከአከራይዋም ይህንኑ ያህል እንደሚቀበል የሰማሁት ቆይቶ ነው።

ከዚያ ወደ አከራይዋ ወሰደኝ። «አንተ እዚህ ቁም፣ መጀመሪያ እኔ ላናግራቸው» ብሎ ገባ። አጥሩ ቆርቆሮ ነው፤ ሁሉም ይሰማል።

«እመይቴ፣ ልጁ ወርቅ ነው! ካልተናገሩት አይናገርም። አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ይገባል። እንግዳ የሚባል አያውቅም። ምጣድ የለውም፣ ቆጣሪዎ ላይ ዝንብ እንኳ አያርፍም። ከሥራ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ቤተ ክርስቲያን ነው።»

ቆርቆሮው ላይ ጆሮዬን ለጥፌ ሳዳምጥ ይኸን ልጅ ወደድኩት። ቤት ቢኖረኝ እኔም አከራየው ነበር። ችግሩ እኔ ወሬ እወዳለሁ፣ ማታ ማታ ኳስ አያለሁ፣ ወንድሞቼ አራት ናቸው፣ ሲመጡም አብረው ነው። ምጣዴ ደግሞ ከባሕር ዳር እየመጣ ነበር፣ በጭነት።

እስካሁን ደላላው ቤቱን ለእኔ የሚሸጥ መስሎኝ ነበር። ለካ እኔንም ለቤቱ ይሸጠኛል። ሰም ሆኜ ገባሁ።

እመይቴ ከላይ እስከ ታች አዩኝና «ምነው ዝም አልክ?» አሉኝ። ልመልስ አፌን ስከፍት ደላላው ረገጠኝ። «አላልኩዎትም?» አለ።

ውል እንጻፍ ብል እሳቸው ወረቀት አይወዱም። በሐምሌ 1967 ደርግ ትርፍ ቤት ሲወርስ የአባታቸው ሁለት ቤት አብሮ ሄዷል፤ ከዚያ ወዲህ ወረቀት የያዘ ሰው በራቸው ላይ ሲቆም ሆዳቸው ይርበደበዳል። በቃል ተስማማን። ደላላው ምስክር ሆነ። አስቡት እንግዲህ፣ እሱ ምስክር።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የተባልኩትን ልጅ ለመሆን ሞከርኩ። በ11 ተኩል ገባሁ፣ ዝም አልኩ፣ መብራት ሳላበራ እራት በላሁ። በሦስተኛው ሳምንት ምጣዱ ደረሰ። እመይቴ ከሥር ከሥሩ እያዩ እስከ መጋረጃው ተከተሉት። በአራተኛው ወንድሞቼ መጡ።

አንድ እሑድ ጠዋት እመይቴ ቡና ጠሩኝ። የምባረር መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን አቦሉን ቀድተው «እስቲ ንገረኝ፣ ያ ልጅ ስለኔ ምን አለህ?» አሉኝ።

«አከራይዋ ግቢው ውስጥ አይኖሩም አለኝ» አልኩ። በራቸው ከበሬ ሦስት እርምጃ ነው። «ውሻ የለም አለኝ። ኪራይ አይጨምሩም አለኝ።»

ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። ከዚያ እሳቸውም የተነገራቸውን ይዘረግፉት ጀመር፦ ለካ በዓመቱ አግብቼ እወጣለሁ፣ ለካ ዲያቆን ነበርኩ! ቶናው ሲቀዳ ሁለታችንም ሐሜቱ ተስማምቶናል። የጠፋብንን ሰው፣ እሳቸው ዝምተኛውን ተከራይ፣ እኔ የሌሉትን አከራይ፣ እያነሣን ስናዝን ስልካቸው ጮኸ። ጆሯቸው ደከም ስላለ ስልኩን እየጮኸ ነው የሚያናግሩት፣ ድምፁ ግቢውን ይሞላል።

«እመይቴ! እንደምን አደሩ! ያ ልጅ ይልቀቅልዎትና በ5,000 የሚገባ አንድ ወርቅ የሆነ ልጅ አግኝቻለሁ። ዝምተኛ፣ እንግዳ የማያውቅ፣ ምጣድ የሌለው፣ ከሥራ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ…»

እመይቴ እኔን አዩኝ። በረካውን ሊቀዱ ጀበናውን እያነሡ ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉ።

«እንዴ፣ አንድ እንዲህ ያለ ልጅ ልከህልኝ ነበር እኮ» አሉት። «እስካሁን አልደረሰም።»