ዘንድሮ ልጄን የክረምት ትምህርት አላስመዘገብኩም

ሰኔ መጨረሻ ላይ የልጄን ካርድ ልወስድ ተሰልፌ ነበር። ወላጁ ሁሉ የሚጠያየቀው አንድ ነገር ነው፦ «ለክረምት የት አስመዘገባችሁ?» የትም ስል አንዲት እናት በሐዘኔታ አየችኝ። ገንዘብ የቸገረኝ ሳይመስላት አልቀረም። (ትንሽ እውነት አለው።)

ዋናው ምክንያቴ ግን ሌላ ነው። አምና አስመዝግቤው ነበር። ሐምሌና ነሐሴን ሙሉ የሚመጣውን ዓመት ሒሳብ ሲማር ከረመ። መስከረም ላይ ያንኑ ሲደግሙለት ሰለቸው። በእነዚያ ሁለት ወራት አንድ የተረት መጽሐፍ አልገለጠም። ለእሱ መጽሐፍ ማለት ፈተና የሚወጣበት ነገር ነው።

በእሱ አልፈርድም። እኛ ራሳችን «እያነበበ ነው» ስንል እያጠና ነው ማለታችን ነው። «ቁጭ ብለህ አንብብ!» ደግሞ ቁጣ እንጂ ግብዣ ሆኖ አያውቅም።

እኔ ሳድግ ሰፈራችን ውስጥ መጽሐፍ የሚያከራይ ልጅ ነበር። ሒሳቡ በቀን ነው፤ ከአንድ ቀን ካሳለፍክ ትጨምራለህ። ስለዚህ በሻማም ቢሆን በአንድ ሌሊት እንጨርሰዋለን። አንዳንዱ መጽሐፍ የመጨረሻ ገጾቹ ተገንጥለዋል፤ መጨረሻውን እየተከራከርን ራሳችን እንፈጥርለት ነበር። አንብቡ ያለን ሰው የለም። እንዲያውም «ዓይንህ ይጠፋል» እየተባልን ነው ያነበብነው።

ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ የማንበቢያ ቦታ የለም አይባልም። ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ ወመዘክር ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። አራት ኪሎ ላይ ደግሞ በ2014 ዓ.ም. አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ተከፍቷል። ግን ከጀሞ ተነስቶ፣ በሐምሌ ዝናብ፣ ታክሲ እየቀያየሩ ልጅን በየቀኑ አራት ኪሎ ማን ያደርሳል? ሐዋሳ ላይ ለልጆች ቤተ መጻሕፍት በመክፈት የሚታወቁት ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስና ባልደረቦቻቸው ነገሩን ገልብጠውት ነበር። መጻሕፍቱን አህያ በሚጎትተው ጋሪ ጭነው ልጆቹ ወዳሉበት ወሰዱ።

እኛ ኮንዶሚኒየም አህያ የለም፤ ደረጃ ግን አለ። ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጮች የገዛኋቸውን ጥቂት መጻሕፍት በማኮሮኒ ካርቶን አድርጌ ደረጃው ሥር አስቀመጥኩ። ጎረቤቶችም ጨመሩበት። ሁለቱ እስካሁን አልተመለሱም። አይመለሱ፤ የሆነ ልጅ ቤት ናቸው።

እቤት ውስጥ ያስቸገረን አማርኛው ነው። ልጄ እንግሊዝኛውን ያንበለብለዋል፤ አማርኛ ላይ ሲደርስ ይንተባተባል። ግል ትምህርት ቤት ልጅ ያለው ሰው ይህን ያውቀዋል። ስለዚህ ማታ ማታ አንድ ገጽ እኔ፣ አንድ ገጽ እሱ እናነባለን። ሲሳሳት አላርመውም፤ ትርጉሙ ሲጠፋው ራሱ ይመለሳል። ከዚህ ሁሉ የከበደኝ የራሴን ስልክ ሌላ ክፍል ማስቀመጥ ነው። አባት ቲክቶክ እያየ ልጅ አያነብም።

ምርጫውን ለእሱ ትቼዋለሁ። ሦስት መጽሐፍ ጀምሮ ጥሏል፣ አንዱን እኔ በጣም የምወደውን። አራተኛው ስለ እግር ኳስ ነው፤ ከጽሑፉ ሥዕሉ ይበዛል። ይሁን።

ትናንት ማታ መብራት ጠፋና ስልኬን ስጠኝ አለኝ። ለጌም መስሎኝ ልቆጣ ስል፣ ለካ የፈለገው የስልኩን መብራት ነው።