ዶሮዬ ታማለች አልኩ እንጂ ቢላ አምጡ አላልኩም

በቃ ዛሬ ልናገረው ነው። ሰሞኑን ጎንደር ውስጥ «ዶሮዬ ታመመችብኝ» ያልኩት ሰው ሁሉ የሰጠኝ መልስ አንድ ነው። «ሳትሞት እረጃት።» ጎረቤት እረጃት። መሥሪያ ቤት እረጃት። አክስቴ በስልክ፣ ገና ሰላምታው ሳያልቅ፣ «እረጃት እንጂ ምን ትጠብቂያለሽ»። ሌላው ቢቀር መድኃኒት ልገዛ የሄድኩበት የእንስሳት መድኃኒት መሸጫ ያለው ልጅ እንኳን «እንቁጣጣሽ ደርሶ የለ እንዴ፣ ምን አለፋሽ» አለኝ። መድኃኒት ሻጭ ነው እንዲህ ያለው! ላም ብትታመም ሐኪም ይጠራል። በግ ቢያነክስ ሁሉም ጎንበስ ብሎ እግሩን ያያል። ዶሮ ስትታመም ግን የሚታየው ድስቱ ብቻ ነው። በጣም ነው የሚያናድደኝ።

ገብስማ ናት፣ የሀበሻ ዶሮ። የሀበሻ ዶሮ በዓመት ቢበዛ ከ40 እስከ 60 እንቁላል ነው የምትጥለው፣ ቦቫንስ የምትባለው የፈረንጅ ዶሮ 300 ትጥላለች፣ ምን ያደርግልሻል የሚለኝ አለ። አውቃለሁ። ግን ቦቫንሷ አትታቀፍም። ይቺ ትታቀፋለች፣ ጫጩቶቿን ይዛ ግቢውን ትዞራለች፣ ጭልፊት ሲያንዣብብ ክንፏ ሥር ትሰበስባቸዋለች። ግቢዬ ውስጥ ያሉት ቄቦች በሙሉ የሷ ልጆች ናቸው። ቤታችን የሚበላው እንቁላል ከሷና ከልጆቿ ነው፣ የእንቁላል ዋጋ የት እንደደረሰ ደግሞ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ታዲያ አንድ ቀን ወጥ ሠርቼ ብበላት ምን ተረፈኝ? የሂሳብ ጉዳይ ብቻም አይደለም። እወዳታለሁ። በቃ።

በሽታው ከየት እንደመጣ በደንብ አውቃለሁ። ለፍልሰታ ፍቺ ከግቢያችን ተከራዮች አንዱ አውራ ዶሮ ገዝቶ መጣ። እግሩ እንደታሰረ የኔ ዶሮዎች ውሃ ከሚጠጡበት አጠገብ ተጣለ። ያነጥሳል። አፍንጫው ይንጠባጠባል። «እባካችሁ ራቅ አድርጉልኝ» ብል «ነገ ይታረድ የለ እንዴ፣ ምን ያደርጋቸዋል ብለሽ ነው» ተባልኩ። ታረደ፣ ተበላ፣ ላባውና አንጀቱ ደጅ ያለው ቦይ ውስጥ ተደፋ። ትንሽ ቆይታ ገብስማዬ ማነጠስ ጀመረች።

መጀመሪያ ማነጠስ ብቻ ነበር። ከዚያ አንድ ዓይኗ አረፋ አወጣ። ከዚያ ሌሊት ሌሊት ሊፈላ የደረሰ ጀበና ዓይነት ድምፅ ከደረቷ ይሰማ ጀመር። ምንቃሯን ከፍታ፣ አንገቷን ዘርግታ ነው አየር የምትስበው። ዶሮ ሕመሟን ትደብቃለች፣ ደክማ ከታየች ሌሎቹ ይነቁሯታል፤ ስለዚህ እናንተ ስታውቁባት በሽታው ከገባ ቆይቷል ማለት ነው። ወቅቱ ደግሞ ነሐሴ ነው። የጎንደርን ነሐሴ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ጭጋጉ አይገፈፍ፣ ግቢው ጭቃ፣ ጭዱ አይደርቅ፣ ሌሊቱ ብርድ።

ሁሉም «ፈንግል ነው» አለኝ። ዶሮ ካነጠሰች ፈንግል፣ ካስቀመጣት ፈንግል፣ ክንፏን ከጣለች ፈንግል። ፈንግል ከተባለ ደግሞ መድኃኒት የለውም፣ ስለዚህ እረጃት። ወሬው እዚያው ላይ ያልቃል። ፈንግል ቫይረስ መሆኑና የሚያድነው መድኃኒት አለመኖሩ እውነት ነው። ግን ፈንግል ያልተከተቡ ዶሮዎች ጋ ከገባ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ቀናት ውስጥ ቆጡን ባዶ ነው የሚያደርገው። አረንጓዴ ተቅማጥ አለው፣ አንገት መጠምዘዝ አለው፣ ክንፍና እግር ሽባ ማድረግ አለው። የኔዋ እየበላች ቀስ በቀስ የምትደክም ናት፣ ኩሷም ደህና ነው። እንዲህ ቀስ ብሎ የሚሄድ የመተንፈሻ በሽታ ብዙ ጊዜ ማይኮፕላዝማ ከሚባል ባክቴሪያ ነው የሚመጣው። ፊት የሚያሳብጥና የሚሸት ንፍጥ የሚያመጣ ኮራይዛ የሚባልም አለ። እነዚህ መድኃኒት አላቸው! በእርግጠኝነት የሚለየው ላቦራቶሪ ነው፣ ለአንዲት የጓሮ ዶሮ ደግሞ ላቦራቶሪ የሚከፍት የለም። እሺ ላቦራቶሪው ይቅር። ቢያንስ ምልክቷን የሚጠይቅ ሰው እንዴት ይጠፋል?

መሸጫው ውስጥ ማንም ምንም አልጠየቀኝም። ስንት ኪሎ ናት፣ እንቁላል እየጣለች ነው ወይ፣ ሌሎቹስ ያነጥሳሉ ወይ፣ ምንም። ፓኬቱን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ጣል። መመሪያው ይሄን ያህል ግራም ለዚህን ያህል ሊትር ውሃ ይላል። መቶና ሁለት መቶ ዶሮ ላለው ሰው የተጻፈ ነው። እኔ ያለችኝ አንዲት የታመመች ዶሮ ናት፣ የታመመች ዶሮ ደግሞ ውሃ በደንብ አትጠጣም፣ ታዲያ ውሃ ውስጥ የበጠበጥኩት መድኃኒት በምን በኩል ይደርሳታል? ሌላ ቦታ ደግሞ የሰው አሞክሳሲሊን ከፍተሽ በትኝላት አሉኝ። አሞክሳሲሊን የፔኒሲሊን ዘመድ ነው። የሚሠራው የባክቴሪያውን ግድግዳ እያፈረሰ ነው፣ ማይኮፕላዝማ ደግሞ ከነጭራሹ ግድግዳ የለውም። ብሩ ይወጣል፣ ዶሮዋ ትደክማለች፣ ሌላው ጀርም መድኃኒቱን ይለምደዋል። ለልጆቻችን የሚሠራ መድኃኒት የምናጣው እኮ በዚህ ዓይነት ነው።

በመጨረሻ የደረሰልኝ፣ በሰው በኩል ያገኘሁት አንድ ወጣት የእንስሳት ሐኪም ነው፣ እግዜር ይስጠው። ምልክቱን አንድ በአንድ ጠየቀኝ። ድምፅዋን ቅጂና ላኪልኝ አለ። መዝኛት አለ። ሱቅ ወስጄ በስኳር ሚዛን አስመዘንኳት፣ አንድ ኪሎ ከሩብ ገደማ ሆነች። ኦክሲቴትራሳይክሊን የሚባለውን የባክቴሪያ መድኃኒት በክብደቷ ልክ አስልቶ ነገረኝ። የእንቁላል ቅርፊት እየፈጨሽ የምትሰጫት ከሆነ ለጊዜው አቁሚ፣ ካልሲየሙ መድኃኒቱን ይይዘዋል አለ። ይህን አንድም ሻጭ አልነገረኝም። እንቁላሏንም መድኃኒት ላይ እያለች፣ ከጨረሰችም በኋላ እኔ እስከምነግርሽ ድረስ አትብሉ አለ። እንቁላሉን ስጥል ያየችኝ ጎረቤት «ኧረ ግፍ ነው» አለች። ግፉማ መድኃኒት ያለበትን እንቁላል ለሕፃን ማብላት ነው! መድኃኒት ሰጥተው ሰጥተው አልድን ስትላቸው በማግስቱ የሚያርዱም አሉ። መድኃኒት የጠጣች ዶሮ ዛሬ ታርዳ ማታ አትበላም። ስንት ቤት ግን እንዲሁ ይበላል።

ስለ አረቄውም ልናገር። በደግ ልብ እንደሆነ አውቃለሁ። አንዲት ትልቅ ሴት ጎረቤቴ በብርጭቆ አረቄ፣ ሎሚ ጨምቀውበት ይዘው መጡ። «የኔ ልጅ፣ በጉሮሮዋ አንቆርቁሪላት፣ እኛ የምናውቀው ይህንን ነው» አሉኝ። አመስግኜ መለስኳቸው። እባካችሁ፣ ለመተንፈስ የምትታገል ዶሮ አፍ ውስጥ ምንም ነገር አታንቆርቁሩ። የአየር ቧንቧዋ መግቢያ ምላሷ ሥር ነው፣ አፏን ስትከፍቱ ይታያችኋል። የምታፈሱት ቀጥ ብሎ ሳንባዋ ውስጥ ሊገባ ይችላል። እኔ መርፌውን ከሲሪንጁ አውጥቼ በምንቃሯ ጎን ጠብ፣ ከዋጠች በኋላ ደግሞ ጠብ ነው የማደርግላት። ጊዜ ይወስዳል፣ ይውሰድ። ፌጦውንም ነጭ ሽንኩርቱንም ከመኖዋ ጋር ብትቀላቅሉላት አልከራከርም። በጉሮሮዋ ማፍሰሱን ግን ተዉት።

«ማድቤት አስገቢያት፣ ይሞቃታል» የሚለውም ምክር አለ። ይሞቃል፣ ግን ጭስ ነው። የዶሮ ሰውነት የአየር ከረጢቶች አሉት። የምትስበው አየር ሳንባዋ ላይ አይቆምም፣ ሆዷ ድረስ ይዘልቃል፣ ጭሱም አብሮት። እንጀራ በሚጋገርበት ቀን እኛ እንኳን ዓይናችንን እያሸን እንወጣለን። የረጠበ ኩስ ላይ የሚመጣው ያ የሚሰነፍጥ ሽታም አሞኒያ ነው፣ የመተንፈሻዋን መከላከያ የሚጎዳው እሱ ነው። ስለዚህ ዕቃ ቤት ውስጥ ለብቻዋ፣ ካርቶን ውስጥ፣ ደረቅ ሳጋቱራ ላይ፣ ከላይ አየር የሚገባበት ግን ነፋስ የማይመታት ቦታ አስቀመጥኳት። አፍንጫዋን ለብ ባለ የጨው ውሃ እጠርጋለሁ። ውሃችን በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ ከጀሪካን ቆጥቤ ነው የዶሮ አፍንጫ የማጥበው። ስትይዟት ደግሞ ደረቷን አትጨብጡ። እንደኛ ድያፍራም የላትም፣ የምትተነፍሰው ደረቷን እያንቀሳቀሰች ነው፣ አጥብቃችሁ ከያዛችኋት ታፍኗታላችሁ።

ከ«እረጃት» የባሰው ግን «ሽጫት» ነው። ገበያ አውጫት፣ በዓል ነው፣ ማን ያያል። እውነት ነው፣ ማንም አያይም። በዓል ሲደርስ ዶሮ ተራ ሂዱና ቆም ብላችሁ አድምጡ። ከየገጠሩ የመጣው ዶሮ እግሩ ታስሮ፣ ተዘቅዝቆ፣ አንዱ በአንዱ ላይ ተከምሮ፣ ስንቱ ያነጥሳል። አንዷ ቤቷ ሲታመምባት «ሳትሞት» ብላ ያወጣቻትን፣ ሌላዋ ላርባ ብላ ትገዛታለች። ወስዳ ከራሷ ዶሮዎች ጋር ትቀላቅላታለች። በዓሉ ሲያልፍ ሠፈሩ ሁሉ «ዶሮ አለቀብን» ይላል። በሽታው በእግሩ አልመጣም፣ እኛው ሽጠነው፣ እኛው ገዝተነው ነው የገባው። በማይኮፕላዝማ ታማ የዳነች ዶሮ ደግሞ ጀርሙን ተሸክማ ልትኖር ትችላለች፣ በእንቁላሏም ወደ ጫጩት ይተላለፋል። ስለዚህ ገብስማዬ ብትድንም አልሸጣትም፣ ለሰው አልሰጣትም፣ ከእንግዲህም አላስታቅፋትም። መታቀፍ ለምትወድ ዶሮ ይህ ከባድ ነው፣ ልቤን የሚነካኝም እሱ ነው።

ክትባቱስ? የፈንግል ክትባት አለ። እዚሁ ሀገራችን፣ ቢሾፍቱ ይመረታል። በዓይን የሚጠባጠብ አለ፣ በሚጠጣ ውሃ የሚሰጥ አለ። ግን እኔ ልገዛ ስጠይቅ ያገኘሁት ብልቃጥ ለመቶ ዶሮና ከዚያ በላይ ነው። ቀዝቃዛ ቦታ ካልተቀመጠ ይበላሻል፣ ከተበጠበጠ በኋላ በሰዓታት ውስጥ ካላለቀ ይደፋል። ስድስት ሰባት ዶሮ ያለኝ ሴት በዚህ ምን ላድርግ? ከሌማት ትሩፋት ወዲህ፣ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ማለት ነው፣ በየጓሯችሁ ዶሮ አርቡ እየተባልን ነው። ጥሩ ነገር ነው፣ እኔም አምኜበት ነው የያዝኩት። ታዲያ የጓሮ ዶሮ ከተፈለገ መድኃኒቱም ክትባቱም በጓሮ ልክ ይምጣ እንጂ! ለምን በትንሹ የታሸገ አይኖርም? ለምን በየቀበሌው የታወቀ የክትባት ቀን አይኖርም፣ ሁላችንም ትንሽ ትንሽ ብር አዋጥተን ብልቃጡን የምንካፈልበት? ሐኪምና ብልቃጥ ከአንድ መንደር ጋር የማገናኘት ጉዳይ ብቻ እኮ ነው።

ገብስማዬ ዛሬ ትንሽ ተሽሏታል። ዓይኗ ተከፍቷል፣ ድምፁ ግን ገና አልጠፋም። ከአሁን በኋላ «እረጃት» ለሚለኝ ሰው መልስ አልሰጥም። ቀበሌ 18ና ማራኪ አካባቢ ያላችሁ፣ ጥቂት ዶሮ ያላችሁ ሰዎች፣ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ዶሮዎቻችን ተደምረው ብልቃጡን ከሞሉት አዋጥተን እንገዛለን፣ ሐኪሙም እሰጥላችኋለሁ ብሏል። ዶሮ ይዛችሁ አትምጡ፣ አንድ ቦታ ሰብስበን በሽታ አንለዋወጥም፣ እኛ ነን ቤት ለቤት የምንዞረው። የሚከተቡት ጤነኞቹ ብቻ ናቸው፣ የሚያነጥስ ያለበት ቤት አስቀድሞ ይንገረን፣ እዚያ መጨረሻ ላይ እንሄዳለን። የምንመጣው በማለዳ ስለሆነ ማታውኑ በራቸውን ዝጉባቸው፣ ከቆጥ ከወረዱ ለመያዝ ያስቸግራሉ።