ካሜራ ያጀበው ብቸኝነት

አንድ ጀብደኛ ተጓዥ ሰሞኑን በሰጠው ቃለ ምልልስ፣ ወንድ ልጅ በረሃ ወይም በረዶ ውስጥ ብቻውን ካልከረመ ወንድነቱን አያውቅም፤ እኔን የረዳኝ ማንም የለም አለ። ጠያቂው ራሱን እየነቀነቀ አለፈው። እኔ ማለፍ አልቻልኩም።

ማንም አልረዳኝም? የእነዚህን ሰዎች ቪዲዮ ልብ ብላችሁ እዩ። ሰውየው ጀርባውን ሰጥቶ በበረዶው ሜዳ ላይ እየራቀ፣ እያነሰ ሄዶ ነጥብ ያክላል። ማን ቀረጸው? ራሱ ነው። ካሜራውን ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ላይ ተክሎ ይሄዳል፤ ተመልሶ ይነቅለዋል፤ ያንኑ መንገድ እንደገና ይጀምራል። ንፋስ ማቆሚያውን ከጣለው ደግሞ ለሦስተኛ ጊዜ ይመላለሳል። ልቡ ያለው ከተመልካቹ ዘንድ ነው። ኪሱ ውስጥ የሳተላይት ስልክ አለ። የአየር ትንበያ የሚልክለት፣ ቢታመም አውሮፕላን የሚያስነሳለት፣ ወጪውን የሚሸፍንለት ሁሉ ከኋላው ተሰልፏል። ስልኩን መያዙን አልነቅፍም፤ ነፍስ ያድናል። ይህን ሁሉ አጀብ ደብቆ «ብቻዬን» ማለት ግን ዓይን ያወጣ ውሸት ነው።

የወንድነቱ ነገርማ ጨርሶ ውኃ አያነሳም። ኖርዌያዊቷ ሊቭ አርኔሰን እ.ኤ.አ. በ1994 ብቻዋን በበረዶ ሸርተቴ ደቡብ ዋልታ ደርሳለች። ታዲያ ጉዞው ወንድነትን የሚያስመሰክረው ምኑ ላይ ነው?

ከሁሉ የሚያስቆጣኝ ይህ አባባል ለወጣቶች የሚያስተምረው ዝምታ ነው። አሜሪካዊው አድሚራል ሪቻርድ በርድ እ.ኤ.አ. በ1934 የአንታርክቲካን ክረምት በረዶ ውስጥ በተቀበረች ጎጆ ብቻውን ሊያሳልፍ ገባ። የምድጃውና የሞተሩ ጭስ መርዞት ከሞት አፋፍ ደርሶ እንኳ ሕመሙን በሬዲዮ ከሚያነጋግራቸው ጓዶቹ ደበቀ። በጨለማው መንገድ እንዳይጠፉ ሰግቶ እንደሆነ ተናግሯል፤ ይሁን። እነርሱ ግን የመልእክቶቹን መዘበራረቅ አይተው ተጠራጠሩ። ሦስቱ በነሐሴ ደርሰው ሁለት ወር ያህል አስታመሙት። ወንድ ነው፣ ይችለዋል ብለው ቢቀመጡ ኖሮ ከዚያ ጎጆ የሚወጣው ሬሳው ነበር።

ጭንቀት ያንገላታው ወጣት ለወንድሙ ችግሩን እንዳይናገር የሚያደርገው ይኸው ትምክህት ነው። ብቻዬን ነበርኩ የሚሉ ሁሉ በፊልማቸው መጨረሻ ላይ ትንበያ የላከላቸውን፣ ሌሊት ስልካቸውን ያነሳላቸውን፣ አውሮፕላን ያዘጋጀላቸውን ሰው ስም በስም ይጻፉ።